ጥጃ በጉልበት አይጠባም

የቄስ ልጅ፣ ያውም ወንድ፣ ስለ ጡት ማጥባት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። በአገራችን የወለደች እናት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤት ተለይታ ትቀመጥ ነበር። ምግብ ያደረስን ልጆች ከድንጋዩ አጥር ማዶ አስቀምጠን እንመለሳለን እንጂ ሕፃኑ እንዴት እንደሚጠባ አናይም። እኔም አምስት ልጆች አሳድጌ ነገሩን ያስተዋልኩት በልጅ ልጄ ነው።

የልጅ ልጄ የተወለደችው በ31ኛው ሳምንት ነው። ክብደቷ ኪሎ ተኩል። ወዲያው ፓጊያ አስገቧት። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ እናቷ ያለበችው ወተት በዚያ ይወርድላት ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሆናት ጡት አስያዟት። ሁለት ሦስቴ ትስብና እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ ታዲያ፣ ቀልድ መስሎኝ፣ «ይቺ ልጅ ሰነፍ ናት እንዴ?» አልኩ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ባለቤቴ ደግሞ «እኛ ቅቤ እያላስን አይደል ያሳደግን? ትንሽ ብትልስ አንጀቷ ይለሰልስ ነበር» አለች። ልጄ «እማዬ፣ እንዲህ አይደረግም» ብትላት፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!» ብላ ተቆጣች። የዚያን ቀን ሦስታችንም ሳንነጋገር ቤት ገባን።

በማግስቱ አንዲት ነርስ አስቀምጣ አስረዳችን። ሕፃን በእናቱ ሆድ ሳለ ጣቱን ይጠባል፣ የእንሽርት ውሃም ይውጣል። መሳብ አያቅተውም። የሚቸግረው መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማስማማት ነው። ወተት በሚዋጥበት ቅጽበት ትንፋሽ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ወተቱ መንገድ ይስታል። ይህ ሦስቱን የማስማማት ችሎታ የሚመጣው በ34ኛው ሳምንት ገደማ ነው። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። «ልጅቷ አልሰነፈችም፣ ጊዜዋ ገና ነው» አለችን። ስለ ቅቤውም ባለቤቴን ሳታሳፍር ነገረቻት፤ መዋጥ ያልጠናለት ሕፃን ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል።

ከዚያ በኋላ ወተቱ በቱቦ ሲወርድ፣ ሕፃኗ ወተቱ የታለበ ጡት እንድትጠባ አደረጉ። አፏ መጥባት ከሆዷ መሙላት ጋር እንዲላመድ ነው።

ይህን ሳይ አባቴ ትዝ አሉኝ። ደንቢያ ሳለን፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ላማችን የወለደችው እምቦሳ አልጠባ አለ። አንገቱን ይዤ ወደ ጡቷ ብገፋው ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ይጎትታል። አባቴ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ አዩኝ። «ተወው ልጄ፣ ጥጃ በጉልበት አይጠባም» አሉና ጣታቸውን እንገር ነክረው አጠቡት። እያጠቡት ቀስ ብለው ወደ ጡቷ ወሰዱት። ጣታቸውን ሲያወጡ ጡቷን ያዘ።

አባቴ ሳይንስ አልተማሩም፤ ነገር ግን እንገሩ በዚያው ቀን መጠባት እንዳለበት ያውቁ ነበር። እኔ ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ፣ አስተማሪ ስሆን ነው። ጥጃ የበሽታ መከላከያውን የሚያገኘው በማህፀን ሳይሆን በእንገር ነው፤ አንጀቱም ያንን የሚቀበለው ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰው ግን ብዙውን በማህፀን፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ይወስዳል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህ ስለሚጎድለው የእናቱ ወተት ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ሌላም ነገር አለ። ጥጃ ሲጠባ በውስጡ አንድ ቦይ ይታጠፍና ወተቱ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሆዱ ክፍል ይወርዳል። ሣር የሚብላላበት ትልቁ ክፍል ያኔ ገና ትንሽ ነው፤ የሚያድገው ጥጃው ሣር መቀንጠስ ሲጀምር ነው። የኛም ልጆች ተራ አላቸው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ውሃም አያስፈልጋቸውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን ማንኪያውን በምላሱ ወደ ውጭ ቢገፋው እንቢተኛ ሆኖ አይደለም፤ እንዳይታነቅ የሚጠብቀው ተፈጥሮው ነው። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አይሰጥም። በማር ውስጥ የሚገኝ አንድ ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። እናቶቼ፣ አትቀየሙኝ። እናንተም ያደረጋችሁት በፍቅር ነው።

በ36ኛው ሳምንት ቱቦው ወጣላትና ቤት ገባች። ባለቤቴ ያስቀመጠችውን ቅቤ አውጥታ የልጃችንን ራስ ቀባቻት። ሁለቱም ሳቁ።

እኔ ግን ያቺ «ሰነፍ» የምትለው ቃል አልለቅ አለችኝ። ክፍል ውስጥ ስንቱን ተማሪ እንዲያ ብያለሁ! አንድ ማታ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ የዚያን ቀን እኮ ሌሊቱን ሙሉ ብታለብ ወተቴ አልወርድ አለኝ» አለችኝ።

ላም ስትደነግጥ ወተቷን እንደምትይዝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ላማችን በምትታለብበት ቦታ ጮክ ብለን እንኳ አናወራም ነበር።