በአማካሪ ቡድኑ ውስጥ የእኛ ወንበር የታለ?

እዚህ ሜሪላንድ በምኖርበት ካውንቲ የሃይ ስኩል ተማሪዎች ሳያቋርጡ እንዲመረቁ መንግሥትን የሚመክር ቡድን ሊቋቋም ነው ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥርጣሬ ነበር። አገር ቤት በጋዜጠኝነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስንቱ ኮሚቴ ሲቋቋም ዘግቤአለሁ! ሊቀመንበር ይሰየማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሪፖርቱም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ይህንን ግን እኛ ዝም ብለን ልናሳልፈው አይገባም።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ ስለ ምረቃ ሲመከር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው «ጎልስ 2000» በተባለው ሕግ፣ እስከ 2000 ድረስ ከመቶ 90 ያላነሱ ተማሪዎች ሃይ ስኩል እንዲጨርሱ ታቅዶ ነበር፤ ሳይደረስበት ቀረ። በ2018-19 የትምህርት ዘመን በአራት ዓመት ውስጥ የተመረቁት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 86 ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ከነበሩት ግን ከመቶ 69 ብቻ ናቸው።

የእኛ ልጆችስ ስንት ናቸው? ከመንግሥት ሠንጠረዥ ማወቅ አይቻልም። ልጆቻችን የሚደመሩት «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። አያቱ እዚህ የተወለደውና ትናንት ከቦሌ የተነሣው ልጅ አንድ ላይ ይቆጠራሉ። ያልተቆጠረ ችግር ደግሞ በጀት አይመደብለትም።

ቆጠራው ራሱ ለእንግዳ ልጅ አይመችም። 9ኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ አራት ዓመት ይቆጠርበታል። አምስት ዓመት የፈጀበት፣ ወይም በጂ.ኢ.ዲ. ፈተና ያለፈ ልጅ በዚህ ስሌት ተመራቂ አይባልም።

የጎረቤቴን ልጅ እንደ ምሳሌ ላንሣ። በ17 ዓመቱ ሲመጣ አገር ቤት 10ኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ማስረጃውንም ይዞ ነበር። ትምህርት ቤቱ ያንን ወረቀት የሚመረምር ሰው አላገኘለትምና 9ኛ ክፍል አስገባው። ሲቀር በስልክ የሚመጣው በእንግሊዝኛ የተቀዳ መልእክት ነበር። እናቱ ሌሊቱን አረጋውያን ስታስታምም አድራ የምትገባ ሴት ናት፤ መልእክቱን ማስታወቂያ መስሏት ታጠፋው ነበር። በ19 ዓመቱ ትቶ ፓርኪንግ ገባ። በሜሪላንድ 21 ዓመት እስኪሞላ ድረስ በነፃ መማር እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ዛሬም ሁለት ሥራ ይሠራል።

አማካሪ ቡድን ማዘዝ አይችልም፣ መምከር እንጂ። ስለዚህ ክብደቱ የሚለካው በውስጡ በሚቀመጡት ሰዎችና በሚጠይቁት ጥያቄ ነው። እኛ አራት ነገር እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ የምረቃና የማቋረጥ ቁጥር ቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ተለይቶ ይውጣ።

ሁለተኛ፣ ከአገር ቤት የመጣ የትምህርት ማስረጃ በምዝገባው ወቅት ተመርምሮ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ሌሊት ለሚሠራ ወላጅና ትምህርት ላቋረጠ ወጣት ወንበር ይሰጥ፤ አስተርጓሚም ይኑር።

አራተኛ፣ ቡድኑ ለሚያቀርበው ምክር የትምህርት ቦርዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ።

ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ዲ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ሕግ አወጣች፤ ዛሬ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ጽሑፎቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በ2006 ደግሞ የአፍሪካ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት በሕግ ተቋቁሟል።

ለሰርግና ለልቅሶ አዳራሽ የምንሞላ ሕዝብ ነን። ለአንድ ምሽት የትምህርት ቦርድ ስብሰባ አሥር ሰው አናጣም። የታክሲ ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ ቄሱም፣ ሼኩም ይምጡ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የሚል ካለ አብረነው እንቆማለን። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ዛሬ የሚቀረው ግን የልጆቻችን ዲፕሎማ ነው።

ቸር ይግጠመን።