ሦስት ጊዜ ሲጠራ

ሰው ሁሉ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍበት አንድ የሚወደው ነገር አያጣም። ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኳስ ሜዳ ሲወርዱ፣ እኔ ከአያቴ ጋር የሐራጅ ማስታወቂያ ለማንበብ ወደ ወረዳው ሰሌዳ እሄዳለሁ። ገንዘብ ኖሮን አይደለም። አያቴ በዚህ ሁሉ ዘመን ገዝተው የተመለሱት አንድ የእንጨት ሳጥን ብቻ ነው፤ እርሱም ቁልፍ የለውም። ደስታው ማየቱና መስማቱ ነው።

ይህን ፍቅር ያሳደረብኝ የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ምእመናን ለቅዱስ ገብርኤል በስእለት ያመጡት ጥላ፣ ምንጣፍና መጋረጃ፣ አንዳንድ ጊዜም በግ፣ በቅጥሩ ውስጥ ለጨረታ ይቀርባል። ወሩ ሐምሌ ነውና ዝናቡ ይወርዳል፤ የሚሸጠውን ጥላ ግን ማንም ደፍሮ አይጠለልበትም። ዲያቆኑ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «አንደኛ ጊዜ! ሁለተኛ ጊዜ!» ሲል፣ ከወደ ኋላ አንዲት እናት እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ ያወጣሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ባለወርቅ ዘርፍ ጥላ በ3000 ብር አሸንፎ፣ እልልታው ሳያባራ «መልሼ ለገብርኤል ሰጥቻለሁ» ቢል፣ ያው ጥላ እንደ ገና ተጠርቶ በ3500 ብር ተሸጠ። በገበያ ሰው የሚከራከረው ዋጋ ለማስቀነስ ነው። እዚህ ግን ሁለት ጎረቤታሞች «እኔ ልጨምር፣ እኔ ልጨምር» ሲባባሉ ማየት እንዴት ያስደስታል!

የፍርድ ቤት ሐራጅ ጠባዩ ሌላ ነው። እዚያ እልልታ የለም። ነጋዴዎቹ ዋጋው እንዳይወጣ ብለው እጃቸውን በኪሳቸው ከትተው፣ ዕቃውን ያልፈለጉት መስለው ይቆማሉ። አያቴ «ፊቱን አትመልከት፤ እግሩን ተመልከት። የፈለገ ሰው ሳያውቀው ወደ ፊት ይራመዳል» ይሉኛል። እኔም እግር እግሩን ስመለከት እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ባለፈው ጥቅምት በጎረቤት ሰፈር የአንድ ባለዕዳ የቤት ዕቃ ለሐራጅ ቀረበ። ሶፋው፣ ቡፌውና ቴሌቪዥኑ በግቢው ተደርድሯል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለቤተ ሰቡ የሚያስፈልገው ልብስ፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ እንዳይያዝ ስለሚከለክል፣ አልጋዎቹ እንደ ተነጠፉ በተከፈተው በር ይታዩ ነበር። በመጨረሻ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ወጣ፤ ከላዩም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ተቀምጧል። መነሻው 200 ብር ሲባል ልቤ ዘለለ። «220!» ያለው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። አንድ ነጋዴ 250 አለ፤ እኔ 300 አልሁ። ሦስተኛ ጊዜ ተጠራና አያቴ ፈገግ እያሉ በስማቸው አስመዝግበው ከፈሉልኝ። (እስካሁን በየወሩ እየከፈልኋቸው ነው።) ካርቶኑን ተሸክሜ ስመለስ የተሰማኝን ደስታ አልክድም።

ቤት ደርሼ መዝገበ ቃላቱን ስገልጠው፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የክፍል ጓደኛዬ ስም በገዛ እጁ ጽሕፈት ተጽፎ አገኘሁ። ቤቱ የእነርሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። መጽሐፉን ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

በዚያው ሰሞን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ መቅደላ ተማርን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን መስቀል፣ ጽዋና የብራና መጽሐፍ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰደው፤ እዚያም ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ሸጠው። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። መምህራችን «ሐራጅ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ፍቅሬን ሁሉም ያውቃልና። እኔ ግን አቀረቀርሁ። ከፊቴ የተቀመጠው ያ ጓደኛዬ እጁን አውጥቶ፣ «የሰው ዕቃ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የሚሸጥበት ነው» ብሎ መለሰ። መምህራችንም «ጎበዝ» አሉት።

በማግሥቱ መዝገበ ቃላቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሳይፈታው ዐወቀው፤ በክብደቱ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፦

«በስንት ወሰድኸው?» አለኝ።

«ከነካርቶኑ በ300 ብር።»

«አባቴ እርሱን ብቻውን በ900 ነው የገዛው» አለና ሳቅ አለ። ይህንንም የጻፍሁት እርሱ ስለ ፈቀደልኝ ነው።

የቀሩትንም መጻሕፍት ላምጣልህ ብለው፣ የታሪኩንና የልብ ወለዶቹን እሺ አለ። የፊዚክሱን ግን «እርሱንስ በሕጋዊ ሐራጅ ገዝተኸዋል፤ የራስህ ነው» ብሎኝ ሄደ።