የእማዬ ሪሞት

እማዬ ከቤታችን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሁሉ የምታምነው አንዱን ብቻ ነው፤ የቲቪውን ሪሞት። በላስቲክ ጠቅልላዋለች። ማታ ማታ ትራሷ ሥር ያድራል። ላፕቶፕ ብትሰጧት “ኧረ እኔ እንዳላበላሸው” ብላ እጇን ትሰበስባለች። ስልክ ላይ ቪዲዮ ብታሳዩዋት ደግሞ መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ ቪዲዮው አልቋል።

ስለዚህ ባለፈው “ያን የሰርጌን ቪዲዮ አሳይኝ” ስትለኝ፣ ላፕቶፕ ታቅፌ አጠገቧ መቀመጥ እንደማያዛልቅ ገባኝ። እማዬ ማየት የምትፈልገው በራሷ ቲቪ፣ በራሷ ሪሞት፣ በራሷ ሰዓት ነው።

ለምን እንደጠየቀችኝ ልንገራችሁ። እማዬና አባዬ የተጋቡት በ1988 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ነው። ፒያሳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ከእንግዲህ አታውቁትም፤ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። እኛ አንዱ የከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ሌላ ጫፍ። ከእማዬ ጋር ሃያ ምናምን ዓመት ግድግዳ የተጋሩት፣ በቡና የተጠራሩት ሴትዮ በቅርቡ አረፉ። እማዬ የሰማችው ከተቀበሩ በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን ኖሮ ገና ሲታመሙ የማስታመም ተራ ይደርሳት ነበር። ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው ስለ ቪዲዮው የጠየቀችኝ። ሴትየዋ እዚያ ቪዲዮ ውስጥ አሉ።

ቪዲዮው ራሱ ቤት ሲቀይር የኖረ ነው። ዴካችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ ካሴቱን ዲቪዲ ላይ አስገለበጠው። የዲቪዲ ማጫወቻው ሲሞት ደግሞ እኔ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት። አሁን የቀረው ሃርድ ዲስኩን ከእማዬ ሪሞት ጋር ማስታረቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው ራስበሪ ፓይ የምትባለው ነገር የመጣችው። የአክስቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ተጠቅሞባት መሳቢያ ውስጥ ጥሏት ነበር። ከኤቲኤም ካርድ እምብዛም የማትበልጥ ራቁቷን ያለች ኮምፒውተር ናት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጧት ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር፤ ሐሳቡም ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ እንዲለማመዱባት ነው። የእኔዋ በ2019 የወጣችው አራተኛዋ ናት።

መቼም እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ዜና በምን እንደሚጀመር ጠይቁኝ። ኮምፒውተር በምን እንደሚጀመር ግን እንደ ሁላችሁም ቁልፉን ተጭኜ ነው የማውቀው። ይቺ ደግሞ መጫኛ ቁልፍ እንኳ የላትም!

አሠራሩ ግን ከፈራሁት ቀለለ። ሜሞሪ ካርድ ገዛሁ፤ ላፕቶፔ ላይ አስገብቼ ሊብሬኤሌክ የሚባል በነጻ የሚወርድ ሲስተም ጻፍኩበት። የሊብሬኤሌክ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ኮዲን መክፈት። ኮዲ ደግሞ ድሮ ኤክስቦክስ በሚባለው የጌም ማጫወቻ ላይ የተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ስሙን የቀየረ የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። በውስጡ አንድም ፊልም የለውም። ምጣድ በሉት፤ ሊጡን ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ናችሁ።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛ፣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዋ ትንሿ ዓይነት ስለሆነች የቤታችን ገመድ አልገባ አለ። ሁለት ቀን ገመድ ፍለጋ ዞርኩ። (ቀዳዳዎቹ ሁለት ናቸው፤ ለመብራቱ መሰኪያ የሚቀርበው ላይ ሰኩ።) ሁለተኛ፣ በስልኬ ቻርጀር ሳስነሳት ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመረ። ሃርድ ዲስኩም እየተነሳ ይጠፋል። ለካ መብረቁ “አልጠገብኩም” ማለቷ ነው። ፓይ 4 ወደ 3 አምፔር ትፈልጋለች፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ከእሷ ላይ ነው የሚቀማት። ትክክለኛውን ቻርጀር ሳገኝ መብረቁም ጠፋ፣ ሃርድ ዲስኩም ረጋ።

ሦስተኛው ሪሞቱ ነው። ቲቪው በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል የሪሞቱን ትእዛዝ ለሌላ ዕቃ ማስተላለፍ ይችላል። ሲኢሲ ይባላል፤ ሳምሰንግ “ኤኒኔት ፕላስ”፣ ኤልጂ ደግሞ “ሲምፕሊንክ” ይሉታል። ከቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ፈልጌ አበራሁት። የእማዬን በላስቲክ የተጠቀለለ ሪሞት አንስቼ ስጫነው ኮዲ ታዘዘ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አራተኛ፣ “ሰርግ” ብዬ የሰየምኩት ፎልደር ስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥን ሆኖ መጣ። ማሽኗ ፊደል አልቆጠረችም። ከሷ ከምጣላ ብዬ ፎልደሩ ውስጥ የሰርጋቸውን ፎቶ “ፎልደር” በሚል ስም፣ በላቲን ፊደል፣ አስቀመጥኩ። ኮዲ ያንን ፎቶ የፎልደሩ መልክ አድርጎ ያሳያል። እማዬ ማንበብም አያስፈልጋት፤ ራሷን ስታይ ትጫናለች።

ቅዳሜ ማታ ሁሉም አለቀ። ከዚያ መብራት ሄደ።

ሲመጣ ማሽኗ አልነሳ አለች። ካርዱ ላይ እየጻፈች ሳለ መብራት ሲቋረጥባት ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሃርድ ዲስኩን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ሰርጉ አለ! የሞተው ካርዱ ብቻ ነው፤ ካርድ ደግሞ እንደገና ይጻፋል። ግን በዚያ ሌሊት የገባኝ፣ የሠላሳ ዓመት ትዳርና የአንድ ሰፈር ሰው በሙሉ አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ እንደኖረ ነው። ሳልተኛ ሁለት ቦታ ገለበጥኩት። እናንተም ዛሬውኑ ገልብጡ።

እሁድ እማዬ ፎቶውን ተጫነች። ሙሽራዋን ዞር ብላም አላየቻት። የቬሎውን፣ የኬኩን፣ የመኪናውን ሰልፍ አሳልፋ ድንኳኑ ጋ ስትደርስ አቆመችው። ሴትየዋ ሞሰብ ተሸክመው፣ ለካሜራው ፊታቸውን እየሸሸጉ፣ ይስቃሉ።

“ያቺውልሽ” አለች። “ሌሊቱን ሙሉ ወጥ ስትሠራ አድራ ነው እኮ።”

ከዚያ ቀጠለች። እያጫወተች፣ እያቆመች። ይሄ ባለሱቁ ነው፤ አሁን አራብሳ ነው። ይቺ ጠላውን የጠመቀችው ናት፤ ገላን ገብታለች። ይሄኛውስ? ዝም አለች። እንጃ፣ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም። አራት ዓመት ቃለ መጠይቅ ስማር፣ እናቴን “ሰፈርሽ ውስጥ ማን ነበር?” ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ ድምጿን መቅዳት ጀመርኩ። አባዬ ከሶፋው ላይ “ሙሽራው የታለ?” አለ። የመለሰለት የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቪዲዮውን በፍላሽ ይዘን ከእማዬ ጋር ወደ ሟቿ ልጅ ቤት ሄድን። እናቷ ስትንቀሳቀስ የሚያሳይ አንድም ነገር አልነበራትም። ፍላሹን ቲቪዋ ላይ ሰካሁት፤ ልጅቷ ሪሞቱን አንስታ የቱን እንደምትጫን ግራ ሲገባት፣ እማዬ እጇን ዘረጋች።

“ወዲህ በይው የኔ እናት፤ የሚቆምበትን እኔ አውቀዋለሁ።”