ላም አለኝ በሰማይ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ቤታችን በሄድን ጊዜ ከበረቱ አንዲት ጊደር ጎድላ አገኘን። «የት ሄደች?» ብለን ብንጠይቅ፣ እናታችን የወተቱን ዕቃ በወይራ እያጠኑ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ዕዳ ከፈለች» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

እኛን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃን ወተት ነው። ደብተራችንም ጫማችንም ከወተት ሽያጭ የተገኘ ነው። ስለዚህ የዚያች ጊደር ነገር ከሐሳባችን አልወጣ ቢለን ለጓደኞቻችን ልናካፍል ብዕር አነሣን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እናታችን ከአራት ጎረቤቶች ጋር በቡድን ዋስትና ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ገንዘብ ተበደሩ። ሁለት የሐበሻ ላሞች ሸጠው ጨመሩበትና በመስከረም ወር አንዲት እርጉዝ ዲቃላ ላም ገዙ። የሐበሻ ላም በቀን 2 ሊትር ብትሰጥ ተመስገን ይባልላታል፤ ይህችኛይቱ ግን በጥቅምት ወልዳ በቀን 10 ሊትር ታለበች። ሴት ጥጃም ጣለች። ቤታችን ሠርግ መሰለ።

ብድሩ በሁለት ዓመት ውስጥ በየወሩ እኩል ተከፍሎ የሚያልቅ ነበር። ላም ግን የወር ደመወዝተኛ አይደለችም። 9 ወር ታረግዛለች፤ ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል ትነጥፋለች። በዚህ ላይ ሁዳዴ አለ። በነዚያ 55 ቀኖች የከተማው ሰው ወተት አይጠጣም፤ ሰብሳቢውም ዋጋ ይቀንሳል ወይም ጭራሽ አልወስድም ይላል። ገበሬው ወተቱን ገፍቶ ቅቤ ያደርግና ለፋሲካ ገበያ ይጠብቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴው በግ ተሸጦ ታለፈ። በሁለተኛው ዓመት ግን ላሚቱ ከኅዳር ጀምራ ነጠፈች፤ በጥር ወልዳ ወተቷ ሞልቶ ሲፈስ ጾሙ ገባ። እናታችን ቅቤውን አጠራቀሙ። ፋሲካ ሊመጣ አንድ ወር ሲቀረው የመጋቢት ክፍያ ደረሰ። አንዱ ተበዳሪ ቢዘገይ አራቱ ይጠየቃሉና፣ ጎረቤት ፊት ከመዋረድ ብለው ጊደሯን ወደ ገበያ ነዷት። በሁዳዴ ደግሞ ከብትም ይረክሳል። ለኮርማ ልትደርስ ጥቂት ወራት የቀሯት፣ ነገ ሁለተኛዪቱ ላም የምትሆነው ጊደር በርካሽ ሄደች።

በአበዳሪው መዝገብ እናታችን «መልካም ተበዳሪ» ናቸው። አንድም ወር አላጎደሉም። የጊደሯን ነገር የሚጽፍ ዐምድ ግን በመዝገቡ የለም።

«ይህ የአንድ ቤት ችግር ነው፤ ከአየር ንብረት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር እነሆ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደሚለው፣ በ2010 ከአገሪቱ ይወጣ ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን የሙቀት አማቂ ጋዝ 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከእንስሳት እርባታ የመጣ ነበር። ላም ስታመሰኳ በግሳቷ ሚቴን ታወጣለች፤ ይህም ጋዝ በመቶ ዓመት ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ላም ብትታለብም ባትታለብም ለነፍሷ ማቆያ ትበላለች፤ ትገሳለችም። ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ አግኝታ 10 ሊትር የምትሰጥ ላም በጠቅላላው የበለጠ ትገሳ ይሆናል፤ ለአንድ ሊትር ወተት ሲካፈል ግን ግሳቷ ከሐበሻዪቱ በጣም ያነሰ ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ታዲያ ሁለት ሸጦ አንድ በማርባት እንጂ በሁለቱ ላይ በመደረብ አይደለም። እናታችን ማንም ሳይነግራቸው ይህንኑ አድርገው ነበር።

ኩበቱም እንዲሁ ነው። በደጋችን እንጨት ስለሌለ የማሳው ማዳበሪያ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። በቀን 20 ኪሎ ያህል እበት የሚያገኝ ቤት የባዮጋዝ ጕድጓድ ቢያሠራ ጭሱም ይቀራል፤ ዝቃጩም ለማሳ ይተርፋል። ነገር ግን ጕድጓዱ ወር በወር ብር አያስገባምና ወር በወር ክፈሉ በሚል ብድር ማን ይደፍረዋል?

ሀብታሞቹ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው ለድኾች አገሮች እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። ገንዘቡ ሞላ የተባለው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው። እነርሱ ሁለት ዓመት ሲዘገዩ ጊደር የሸጠ አልነበረም፤ እናታችን ግን አንድ ወር መዘግየት አልተፈቀደላቸውም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» ያሉት አበው ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ታዲያ ምን ይበጃል? እንደ እኛ አስተያየት የሚጎድለው የገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም። የብድሩ ወር ከላሚቱ ወር ጋር ይግጠም፤ በነጠፈችበትና በሁዳዴ ይረፍ፤ ከፋሲካ በኋላ ይጠንክር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ እንግዲህ ዋሱ የጎረቤት እፍረት ከሚሆን ላሚቱ ራሷ ትሁን። ከሰማይ የሚወርደው ገንዘብም አበዳሪው በመጠበቁ የሚደርስበትን ኪሳራ ይሸፍን።

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ላም ማከምም ሆነ ባንክ ማቋቋም አናውቅም። ነገር ግን በዚያው ክረምት እናታችን በጣታቸው የፈረሙበትን ውል ከሣጥን አውጥተን ጮክ ብለን አነበብንላቸው። ጨርሰው ካዳመጡ በኋላ፣ «ይህን ያኔ ያነበበልኝ ቢኖር በየትኛው ወር እንደምከፍል እኔው እነግራቸው ነበር» አሉን። ማንበብ የተማርነው በወተት ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት በየአገራችን ስንገባ የጎረቤቶቻችንን ውል እናንብብላቸው።