የመገናኛ ሰልፍና ጢስ አልባው መኪና

አንባቢ ሆይ፤ ማታ በ11 ሰዓት መገናኛ ደርሰህ ከታክሲ ተሰላፊዎች አጠገብ ጥቂት ብትቆም፣ ሁለት ዓይነት መኪና ጎን ለጎን ታያለህ። አንዱ ያረጀ ሚኒባስ ነው፤ ሲነሣ ጥቁር ጢሱን በሕዝቡ ፊት ላይ ይለቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ያረጀ ሞተር ነዳጁን አሟልቶ ለማቃጠል ኦክሲጅን ያንሰዋል።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለው በርክቷል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከወንዝ ውሃ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ጢሱ ከከተማ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይጨሳል ለማለት አይቻልም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

ነገር ግን ልብ ብለህ ተመልከት፤ ሁለቱም ቆመዋል። አዲሱ መኪና አንድ ሰው ብቻ ጭኖ የያዘው መንገድ ቤንዚን ጠጪው ከሚይዘው አያንስም። ለተሰላፊው ሳንባ ዕረፍት ነው፤ ቤቱ የሚገባበትን ሰዓት ግን አያፈጥንለትም። ለዚህስ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ይሻላል፤ እርሱም በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ መቶዎችንም በአንድ ጊዜ ይጭናል።

ወደ ባቡር ጣቢያው ስትሻገር ታዲያ ጆሮህን አትመን። ተማሪዎቼንም ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ አዲሱ መኪና ኮቴው ሳይሰማ ይደርሳል።