የወንድሜ ፍሪሲዮን

ጋዜጠኝነት ተምሬ ከወጣሁ በኋላ የሠራሁት የመጀመሪያ የምርመራ ሥራ ስለ ሙስና አይደለም፤ ስለ ፍሪሲዮን ነው። አትሳቁ! አዎ፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር ስለሚረገጠው ፍሪሲዮን።

ወንድሜ ቢቸና ውስጥ አንዲት ዲኤክስ አለችው። መቼም ዲኤክስን የማያውቅ የለም። በፈረንጆቹ 1979 ብቅ ያለችው ኮሮላ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጆች ዝቅ አድርገው፣ ጎማ አስፍተው፣ ቀለም አብረቅርቀው የሚያሽሞነሙኗት። የወንድሜዋ ግን የተሽሞነሞነችው ከላይ ብቻ አይደለም። የጥንቱ 1.3 ሊትር ሞተር ወጥቶ “ፎር ኤ ጂ ኢ” የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ከነካምቢዮው ገብቶላታል። ሰልባጅ ነው፤ ለእሱ ግን ከአዲስ ይበልጥበታል። በዚህች መኪና ሠርግ ያጅባል፣ ሲገኝም ሞጣ ድረስ ኮንትራት ይሄዳል። የእናታችን የደም ግፊት መድኃኒትም፣ የእኔ የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘብም የወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ ብቀልድባትም ከልቤ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደወለ።

“እታለም፣ ደብረ ወርቅን አልፌ ወደ ሞጣ ስሄድ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። ሴራሚክ ግዢልኝ።”

“ሴራሚክ ምንድን ነው ወንድም ጋሼ? የመታጠቢያ ቤት ነው?”

“የውድድር መኪና የሚያስረው ነው። ጠንካራውን በያቸው።”

ብሩ በቴሌብር ገባ። ከሁለት ሠርግ ኪራይ በላይ ነበር።

ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳ አንግታ የውድድር ፍሪሲዮን ስትጠይቅ የሚያያትን ዓይን ለእናንተው እተወዋለሁ። አራተኛው ሱቅ በር ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን አልሳቁብኝም። “ምን ትሠራበታለች?” አሉኝ። የመኪናዋን ዓይነት ሳይጠይቁ በፊት ማለት ነው።

ሠርግ አልኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን አጋጠሙ። አንዱ መዳፍ ቮላኖ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ሰሃን፤ ሌላው በስፕሪንግ ጉልበት የሚጫነው ሰሃን። በመሃል ሸራ የለበሰው ዲስክ ይጣበቃል፤ ሞተሩ ጎማውን የሚያዞረው በዚያ ጥብቀት ብቻ ነው። አዲሱ ሞተር ከጥንቱ በግማሽ ያህል የሚበልጥ የማዞር ኃይል ስላለው ጥብቀቱም መጨመር አለበት። መንገዱ ሦስት ነው አሉ። ስፕሪንጉን ማጠንከር፣ ዲስኩን ማስፋት፣ ወይም የሸራውን ዓይነት መቀየር። ስፕሪንጉ ሲጠነክር የሾፌሩ ግራ እግር ይከፍላል፤ ዲስኩ እንዳይሰፋ ቮላኖው ይወስነዋል። ሴራሚኩ ደግሞ እንደ ብስኩት ተቆራርጦ ዲስኩ ላይ የተለጠፈ ጠንካራ ነገር ነው። ሙቀት ይችላል፣ ሲይዝም ይይዛል። ግን አያባብልም። ወይ ለቋል ወይ ነክሷል። ቮላኖውንም ቶሎ ይበላዋል።

እዚህ ላይ የሠርግ አጀብ ታሰበኝ። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊተኛው መኪና ተንጠልጥሎ “ቀስ! ቀስ!” ሲል፣ ዘመድ ከፊት ሲጨፍር፣ ሾፌሩ በግማሽ ፍሪሲዮን በሰው እርምጃ ሲጎተት... ያ ሁሉ ማባበል ነው። በሴራሚክ ሙሽራይቱ ቬሏን ይዛ ወደፊት ወደኋላ ስትናጥ ታየችኝ።

ሽማግሌው ያከሉልኝ ሌላ ነገር ደግሞ ከፍታውን ነው። ቢቸናም ሞጣም 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። የወንድሜ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ከላይ፣ ሲጮኽ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዳገት ላይ ለመነሳት ነዳጅ መስጠትና ፍሪሲዮኑን በቀስታ መልቀቅ የግድ ነው። ነካሽ ፍሪሲዮን እዚያች ቦታ ላይ ወይ ያዘልላታል ወይ ያጠፋታል።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። “እንዳልኩሽ አድርጊ” ብሎ ዘጋው።

እንዳለኝ አላደረግኩም። ስፕሪንጉ ከመደበኛው ጠንከር ያለ፣ ዲስኩ ግን ተራ ሸራ የለበሰ፣ ለሞተሩና ለካምቢዮው ልክ የሆነ ገዛሁ። የተረፈውን ብር መለስኩ። ስለ ዓይነቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። (እውነት ይነገር ሲባል የተማርኩት እኔ ነኝ!) ካርቶኑን በአውቶብስ ላክሁት።

ሲከፍተው ደወለ። “ብሩ የእኔ፣ እግሩ የእኔ። አንቺን ምን አገባሽ?” አለኝ። እውነቱን ነበር። ዓመታት ሙሉ የሰደደልኝን የኪስ ገንዘብ ምን አደረግሽበት ብሎኝ አያውቅም። እኔ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ከእሱ በላይ አወቅሁለት።

ካምቢዮው ሲወርድ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? አሮጌው ዲስክ ዘይት ጠጥቷል! ሞተሩ ጀርባ ላይ ዘይት የሚያግደው ጎማ ተቀዶ ወደ ሸራው ሲያንጠባጥብ ከርሟል። አሮጌው ፍሪሲዮን ለአዲሱ ሞተር ይነሰው አይነሰው ከእንግዲህ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ጎማው ሳይቀየር ሴራሚኩም የእኔውም ቢታሰር ዘይት ይጠጣ ነበር። ስለ ሸራና ስለ አየር ያን ሁሉ ስጠይቅ፣ ከሥሩ ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ወንድሜን አልጠየቅሁትም። ምርመራ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ጎማው ተቀየረ፣ ቮላኖው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ፣ አዲሱ ታሰረ። ሸራው ፊቱን እስኪያለምድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በቀስታ እንዲነዳ ተነግሮት ነበር፤ እያጉረመረመ ጠበቀ። ለሦስት ሳምንት የሚደውለው ለእናታችን ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ማታ ከሞጣ ደወለ። ከኋላው ዘፈን ይሰማል።

“አልናጠችም” አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ፣ በክልላችን ጦርነት ከተነሳ ጀምሮ፣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው። ሠርጉም አነሰ፣ ሞጣም ራቀች። ዲኤክሷ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች። ክረምት ላይ መኪና ብዙ ከቆመ እርጥበቱ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር በዝገት ያጣብቀዋል። ስለዚህ ወንድሜ በየጥቂት ቀኑ ጠዋት ገብቶ ያስነሳታል፤ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይለቃል፣ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ። አንዳንዴ ስደውል እዚያ ውስጥ ሆኖ ያነሳዋል። ሞተሩ ይሰማኛል። “ቆይ እታለም፣ እግሬን ላንሳ” ይለኛል።