ባሮ፦ ከቡናው ጫካ እስከ ጋምቤላ ሜዳ

ቡናው ተቆልቶ፣ ኮረሪማው ተወቅጦ ረከቦቱ ሲቀርብ፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ከገበያ ገዛነው እንላለን። ከገበያው ጀርባ ግን ጫካ አለ፤ ከጫካውም ሥር ወንዝ አለ። ዛሬ እናቶችና እኅቶች ከእኛ ጋር ወደ ምዕራብ ተጉዘው የባሮን ወንዝ ከምንጩ እስከ ሜዳው እንዲከተሉት እንጋብዛለን።

መነሻችን ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የኢሉ አባ ቦር ደጋ ነው። መቱና ጎሬ የተቆረቆሩት በዚሁ አገር ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚጥል ተራራው ከእግሩ እስከ ራሱ አረንጓዴ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናውና ቀረሮው ቅርንጫፋቸውን አያይዘው እንደ ጣራ ይሸፍኑታል፤ ጉሬዛውም ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ የሶር ወንዝ ከ100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲወረወር ጭጋጉ ዙሪያውን ያረሰርሰዋል። ሶር ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ገባም ከብርብር ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ስማቸውን ትተው ባሮ ይባላሉ።

በዚህ ጫካ ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ኮረሪማውና ጥምዙም እዚያው ነው፤ ቀፎውም በረጃጅሙ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ቀዩን የቡና ፍሬ ከመልቀም አንሥቶ አስጥቶ እስከ ማድረቅ ባለው ሥራ የሴቶች ድርሻ ከፍተኛ ነው። ውሃ መቅዳቱም ከእነርሱ ትከሻ አይወርድም። ስለዚህ ምንጩ ቀርቦ ሲገኝ የምታርፈው፣ ሲደርቅም መንገዱ የሚረዝምባት እናት ናት።

ወንዙ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጎሬ ደጋ ግርጌ ተነሥቶ፣ ገደሉን እየሰነጠቀ፣ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ጋምቤላ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ቁጣው በርዶ፣ ሰፍቶና ረግቶ ይጓዛል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የደጋው ቡና ከጎሬ በበቅሎ ወርዶ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ እስከ ካርቱም ይጫን ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ።

ከጋምቤላ በታች የአኙዋና የኑዌር ሕዝብ ኑሮ ከወንዙ ጋር የተሳሰረ ነው። ውሃው ሲሸሽ አኙዋዎች በርጥቡ ዳርቻ ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። ከዚያ ባሮ በደቡብ ሱዳን ድንበር ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ በመጨረሻም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ጫካው የወንዙ ጎተራ ነው። የዛፉ ቅጠል የዝናቡን ኃይል ያበርዳል፤ የረገፈው ቅጠልና ሥሩ ውሃውን ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጩ ያቀብላል። ጫካው ሲመነጠር ግን ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ድርቀት ይሆናል። ደጋ ላይ የተቆረጠው ዛፍ ቆላ ላለችውም እናት ዕዳ ነው።

የያዩ የቡና ጫካ በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። የያዩ ጥብቅ ስፍራ ከ160 ሺህ ሄክታር በላይ ይሸፍናል። እምብርቱ እንዳይነካ፣ በዙሪያው ግን ሕዝቡ ቡናውንና ማሩን እየለቀመ እንዲኖር ተከልሏል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ቡናው ዋጋ ካላወጣ ገበሬው ልጆቹን ለመመገብ ጫካውን ለበቆሎ ማሳ መመንጠሩ አይቀርም፤ ቆሞ ያለ ዛፍ ጓዳ የሚሞላ ከሆነ ግን ጠባቂው ራሱ ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ እኛ የከተማ እናቶች ምን እናድርግ? ቡናና ማር ስንገዛ የየት አገር እንደሆነ እንጠይቅ፤ የጫካውንም ምርት ዋጋ አናራክስ። ልጆቻችን የወንዞችን ስም ለፈተና ብቻ ሸምድደው እንዳይረሱት፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የባሮን መንገድ እንንገራቸው። ሲኒው ውስጥ ያለው የዚያ ተራራ ዝናብና የለቃሚዋ እናት ድካም መሆኑን ያወቀ ልጅ፣ ነገ ዛፍ ላይ መጥረቢያ ከማንሣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።